ጥይትና መጉረሻው፦ የጅማና የአካባቢዋ የቡና ከተሞች የጦር መሣሪያ ታሪክ

ስለ ጦር መሣሪያ ታሪክ ሲጻፍ አዘውትሮ የሚተረከው ስለ ጠመንጃውና ስለ ሽጉጡ ነው። ማን ሠራው? በየትኛው ወደብ ገባ? በማን እጅ ወደቀ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ ጥይት የሌለው ጠመንጃ ዱላ፣ ጥይት የሌለው ሽጉጥም የወገብ ጌጥ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ልኩ ያልሆነ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ደግሞ ከዱላም የባሰ ነው፤ ዱላ ቢያንስ ባለቤቱን አይጎዳም።

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ፣ በጌራ፣ በቦንጋና በጎሬ ያለፈው የጦር መሣሪያ ታሪክ ይህንን ጉዳይ ጎላ አድርጎ ያሳያል። አካባቢው ቡናውን ለዓለም ገበያ ሲያቀርብ በልዋጩ የብዙ መንግሥታት አሮጌ መሣሪያ ተራግፎበታል። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ጥይት ይሻል፤ ጥይቱ ግን ከመሣሪያው ጋር አብሮ የኖረው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ በቤተ መዘክር፣ በቤተ መዛግብትና በቅርስ ምዝገባ ላይ የተሰማሩ የሙያ ባልደረቦች አንድን አሮጌ ሽጉጥ ወይም ጠመንጃ በእጃቸው ሲይዙ በመጀመሪያ ሊመረምሩት የሚገባው የጥይቱን መጉረሻ ነው። በብረቱ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ የሚናገረው መሣሪያው የተወለደበትን ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ የደረሰበትን የሚናገረው መጉረሻው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የኢትዮጵያ ታሪክ ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተሰጥተዋል። የመሣሪያዎቹ ሞዴል ዓመታትና የውጭ አገር ፋብሪካዎች ታሪክ ግን በአውሮፓ አቆጣጠር እንደተለመዱት ተትተዋል።

ቡና የጠራው ነፍጥ

ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1870 ዓ.ም. ገደማ የጅማን ዙፋን ከያዙ በኋላ ከጥቂት ዓመታት በላይ ሳይቆዩ ለንጉሥ ምኒልክ ገብረው ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ለመጠበቅ ቻሉ። በዚህም ጅማ ከጦርነት ጥፋት ዳነች፤ የሂርማታ ገበያም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከታወቁት ገበያዎች ሁሉ የላቀ ሆነ። ሐሙስ ሐሙስ በሚቆመው በዚህ ገበያ ከሊሙ፣ ከጎማ፣ ከጌራና ከካፋ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይመጣ ነበር፤ ባሪያም ይሸጥ ነበር። ከሰሜንና ከምሥራቅ የሚመጡት ሲራራ ነጋዴዎች ደግሞ አሞሌ ጨው፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ማርትሬዛ ብር፣ ኋላም ነፍጥና ጥይት ያቀርቡ ነበር።

ነፍጡ ከየት ይመጣ ነበር ቢባል መልሱ የአውሮፓ ጦሮች ከጣሉት ዕቃ ነው። አንድ የአውሮፓ መንግሥት አዲስ ጠመንጃ ባስታጠቀ ቁጥር አሮጌው በነጋዴዎች እጅ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ይወርዳል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ያመጣው ሲራራ ሁለት ሺህ ገደማ ጊዜ ያለፈባቸው፣ በካፕሱል የሚተኮሱ ጠመንጃዎችን የጫነ ነበር። ፈረንሳይ በ1886 ሞዴል የሌበልን ጠመንጃ ስትይዝ የቀድሞው የ1874ቱ ግራ ጠመንጃ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል በብዛት ገባ። ሕዝቡም «ፉዚል ግራ» የሚለውን የፈረንሳይኛ ስም «ወጅግራ» ብሎ አጠራሩን አገርኛ አደረገው። ሌበልም «ለበን» ሆነ፤ የእንግሊዙ ስናይደርም «ስናድር» ተባለ።

ኢጣሊያም በበኩሏ የሬሚንግተን ጠመንጃዎችን አቀረበች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከተፈረመው የውጫሌ ውል በኋላ የመጣው መሣሪያም የሚታወቅ ነው። በ1885 ዓ.ም. ዶክተር ትራቬርሲ ሁለት ሚሊዮን ጥይት ወደ አዲስ አበባ ይዞ ሲመጣ ዐፄ ምኒልክ ጥይቱን ተቀብለው ውሉን አፈረሱ። ኢጣሊያ ወዳጅነት ልትገዛበት አስባ የላከችው ጠመንጃ አልነበረም፤ ጥይት ነበር። የዘመኑ መሪዎች ከጠመንጃው ይልቅ የጥይቱ እጥረት እንደሚያሠጋቸው ማወቃቸው ከዚህ ይታያል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ድል ደግሞ 11,000 ገደማ ጠመንጃ ተማረከ። በሚከተለው ዓመት ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ካፋን ሲያስገብሩ በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው የነፍጥ ልዩነት እጅግ የሰፋ ነበር፤ የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ የነበራቸው ጥቂት መቶ አሮጌ ጠመንጃ ብቻ ነው።

የቁጥሩ ማታለል

ሽጉጥ ከጠመንጃ ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ አነስተኛ ነበር። የመኳንንት፣ የሹማምንትና የታላላቅ ነጋዴዎች መሣሪያ ነበርና ከተኩሱ ይልቅ ክብሩ ይታይ ነበር ማለት ይቻላል። የዘመኑ የጦር ሽጉጥ በአብዛኛው ሪቮልቨር ነው፤ ማለትም አምስት ወይም ስድስት ጥይት በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚይዝ። ከበሮው ለእያንዳንዱ ጥይት የተለየ መጉረሻ አለው። ጥይቱ ከመጉረሻው ጋር ካልተስማማ ከበሮው አይዞርም፤ ወይም ዞሮ ተኳሹን ያጋልጣል።

ለምሳሌ የኢጣሊያ ጦር የያዘው የ1889ኙ ቦዴዮ ሪቮልቨር 10.35 ሚሊ ሜትር ካሊበር ነው። በዓድዋ ዘመን የኢጣሊያ ጦር ይዞት የነበረው የቬተርሊ ጠመንጃም እንዲሁ 10.35 ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ሁለቱ አንድ ጥይት የሚተኩሱ ይመስላል። እውነቱ ግን የጠመንጃው ቀለሃ 47 ሚሊ ሜትር፣ የሽጉጡ ግን 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው መሆኑ ነው። የጠመንጃው አረር 20 ግራም ገደማ ሲመዝን የሽጉጡ 11 ግራም ገደማ ነው። የፈረንሳይም እንዲሁ ነው፤ የ1873ቱ ሪቮልቨርና የወጅግራ ጠመንጃ ሁለቱም 11 ሚሊ ሜትር ይባላሉ። የ1892ቱ ሪቮልቨርና ለበን ደግሞ ሁለቱም 8 ሚሊ ሜትር ናቸው። ነገር ግን በየጥንዶቹ የጠመንጃው ጥይት ከሽጉጡ ከበሮ አልፎ ይወጣል።

ካሊበር የሚለካው የአፈሙዙን ወይም የአረሩን ስፋት ነው። ስለ ቀለሃው ርዝመት፣ ስለ ወገቡ ውፍረት፣ ስለ ታችኛው ጠርዙና ስለ ባሩዱ ግፊት የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። አንድ መዝገብ «የኢጣሊያ ሽጉጥ፣ 10.35» ብሎ ከጎኑ የቬተርሊን ጥይት ቢያስቀምጥ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ታሪኩ ሐሰት ይሆናል።

በገበያ የሚመነዘር ጥይት

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጥይት ከመተኮሻነት ሌላ አገልግሎት ነበረው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ታሪክ ጥናቶቻቸው እንዳስረዱት ጥይት፣ በተለይም የወጅግራ ጥይት፣ ከአሞሌና ከማርትሬዛ ብር ጎን ለጎን እንደ ገንዘብ ይዘዋወር ነበር። ለአነስተኛ ግዢ ብሩ እጅግ ትልቅ፣ አሞሌው ደግሞ በዝናብ የሚሟሟ ነው፤ ጥይት ግን አይሟሟም፣ ይቆጠራል፣ ሁሉም ይፈልገዋል።

ይህ ልማድ በጥይትና በመሣሪያ መካከል ያለውን ዝምድና አላልቶታል። ጥይቱን በእጁ የያዘው ነጋዴ ወይም ገበሬ የሚስማማው ጠመንጃ ላይኖረው ይችላል፤ እርሱ የሚፈልገው የሚቀጥለው ሰው እንዲቀበለው ብቻ ነው። በዝናርና በከረጢት እየተንገላታ ለዓመታት ከገበያ ገበያ የዞረ ጥይት በመጨረሻ በአዳኝ ወይም በወታደር እጅ ሲገባ ባሩዱ እርጥበት ጠጥቶ፣ ካፕሱሉ ዝጎ ሊገኝ ይችላል። ወጅግራ ከባድ አረር ስለሚተኩስ በደቡብ ምዕራብ ያሉ የዝሆን አዳኞች የሚመርጡት መሣሪያ ነበር፤ 25 ግራም የሚመዝን አረር በ5.25 ግራም ጥቁር ባሩድ ይገፋል። ከሸፈ ግን አዳኙ በዝሆኑ ፊት ባዶ እጁን ይቆማል።

ባዶው ቀለሃም አይጣልም ነበር። ከተኩስ በኋላ ተለቅሞ በአገር ውስጥ በተዘጋጀ ባሩድና በቀለጠ እርሳስ እንደገና ይሞላል። የናሱ ቀለሃ ግን በተተኮሰ ቁጥር ይለጠጣል፣ ይሳሳል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። በፋብሪካ እንደተሠራው እኩል የማይሆነው የአገር ባሩድ ደግሞ አንዳንዴ አረሩን አፈሙዝ ውስጥ ያስቀረዋል። በአውሮፓና በአሜሪካ መሣሪያው ለሚገኘው ጥይት ሲለወጥ፣ በቡና አገር ግን ጥይቱ ላለው መሣሪያ ይጠገን ነበር።

ለበንና ምንሽር

ነሐሴ 1922 ዓ.ም. ኢትዮጵያ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በፓሪስ የፈረሙት ስምምነት መንግሥት የጦር መሣሪያ የሚያስገባበትን ሥርዓት ወሰነ። በዚያ ዘመን መንግሥት በሕዝብ ዘንድ «ቤልጅግ» በመባል የታወቀውን የቤልጅግ ፋብሪካ ማውዘር ገዝቷል፤ ጥይቱ 7.92 ሚሊ ሜትር ነው። ጦርነቱ በ1928 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት ባሉት ወራት ግን እንግሊዝና ፈረንሳይ ሽያጩን አገዱ። የራሷ ፋብሪካ ያላትን ኢጣሊያን እገዳው ብዙም አልነካትም፤ ኢትዮጵያን ግን በጥይት በኩል አቆሰላት።

በ1929 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት የኢጣሊያ ጦር ጅማን ያዘ፤ ጎሬን ማዕከል አድርገው ሲከላከሉ የቆዩት ራስ እምሩም በታኅሣሥ ወር በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ከዚያ በኋላ ውጊያው የአርበኞች ውጊያ ሆነ። አርበኛው በትከሻው የያዘው ወጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር ወይም ቤልጅግ ሊሆን ይችላል፤ ለአንዱ የሚሆነው ጥይት ለሌላው አይሆንም። ሃያ ሰው ባለበት አንድ ጭፍራ ውስጥ ጓደኛው የሞተበት ሰው የጓደኛውን ዝናር ወርሶ አንድም ጥይት ሊጠቀምበት የማይችልበት ጊዜ ነበር።

ከነዚህ ሁሉ አሳሳቹ የለበንና የምንሽር ነገር ነው። የፈረንሳዩ ሌበልና የኦስትሪያው ማንሊከር ጥይቶች ሁለቱም 8 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ የሁለቱም ቀለሃ ርዝመት 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱም ታችኛ ጠርዝ አላቸው። በመጽሐፍ ሲጻፉ ቁጥራቸው እንኳ አንድ ነው። ይሁን እንጂ የለበን ጠርዝ 16 ሚሊ ሜትር፣ የማንሊከሩ 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የለበን ወገብም ይወፍራል። ስለዚህ የለበን ጥይት በምንሽር መጉረሻ አይገባም። ቀጭኑ የምንሽር ጥይት በለበን መጉረሻ ውስጥ ቢገባ ደግሞ ቀለሃው የሚደግፈው ግድግዳ ስለማያገኝ ሊሰነጠቅና ትኩሱን ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመልስ ይችላል።

ኢጣሊያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ከኦስትሪያ ያገኘቻቸውን የ1895 ሞዴል ማንሊከሮች ለቅኝ ግዛት ወታደሮቿ አስታጥቃ ነበር። ይህ መሣሪያ ከጥይቱ ሌላ አምስት ጥይት አንድ ላይ የሚይዝ የቆርቆሮ ክሊፕ ይፈልጋል፤ ክሊፑ ከጠፋ ጠመንጃው በየተራ አንድ ጥይት የሚጎርስ ይሆናል። አርበኛው ጠመንጃ ሲማርክ ዝናሩንም አብሮ መግፈፉ ስስት አልነበረም፤ መሣሪያውን ከነነፍሱ መማረኩ ነበር።

ሦስቱ ዘጠኞች

ጅማ የጋላና ሲዳሞ በተባለው የኢጣሊያ ግዛት ዋና ከተማ ስትሆን የኢጣሊያ መኮንኖች፣ ካራቢኒየሪዎችና ፖሊሶች ሽጉጥ በአካባቢው በዛ። አሮጌው ቦዴዮ ገና በአገልግሎት ላይ ነበር። ከርሱ ጎን የ1910ሩ ግሊሰንቲ፣ የ1915ቱና የ1934ቱ ቤሬታ ሽጉጦች ነበሩ። ሦስቱም 9 ሚሊ ሜትር ይባላሉ። በአፍሪካ ኢጣሊያ ፖሊስ እጅ በመጀመሪያ የገባው የ1938ቱ ቤሬታ መትረየስም እንዲሁ 9 ሚሊ ሜትር ነው።

የ1934ቱ ቤሬታ የሚተኩሰው አጭሩን የ17 ሚሊ ሜትር ቀለሃ ስለሆነ በዓይን ይለያል። አደገኛው የቀሩት ሁለቱ ናቸው። የግሊሰንቲ ጥይትና የቤሬታው መትረየስ የሚተኩሰው፣ ከጀርመኑ ፓራቤለም ጋር አንድ የሆነው ጥይት በመልክም በልክም አይለያዩም። ልዩነታቸው በግፊት ነው፤ የግሊሰንቲው ደካማ፣ የሌላው ብርቱ ነው። የግሊሰንቲ ሽጉጥ አካል በደካማው ጥይት መጠን የተሠራ ስለሆነ ብርቱውን ያለ አንዳች እክል ይጎርሳል፤ ሲተኮስ ግን ሊፈርስ ይችላል። ቀደም ብለው በተጠቀሱት ምሳሌዎች ሁሉ ጥይቱ ራሱ «አልገባም» ብሎ ወይም ልል ሆኖ ያስጠነቅቅ ነበር። እዚህ ግን ማስጠንቀቂያ የለም። የአንድ ጦር ሠራዊት ንብረት የሆኑ፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ግምጃ ቤት ውስጥ ሊገኙ የሚችሉ ጥይቶች ናቸው።

ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ጅማ በእንግሊዝ ጦርና በደጃዝማች ገረሱ ዱኪ አርበኞች እጅ ስትገባ፣ ጥቂት ቀናት ቆይቶም ጄኔራል ጋዜራ በደምቢ ዶሎ በኩል ከኮንጎ ለመጡት ቤልጅጎች እጁን ሲሰጥ፣ ይህ ሁሉ መሣሪያ ባለቤት አጥቶ በአገሩ ተበተነ። የነጻነት ማግስት ስለ ሽጉጥ ጥይት የሚያውቀው ሰው ጥቂት፣ ሽጉጡ ግን ብዙ የሆነበት ጊዜ ነበር።

የተለወጡ መሣሪያዎች

እስካሁን የተነገረው ፋብሪካው እንደሠራቸው ስለቆዩ መሣሪያዎች ነው። የሙያ ባልደረቦችን ይበልጥ የሚያሳስተው ግን ከተሠራ በኋላ የተለወጠ መሣሪያ ነው። ፈረንሳይ በ1914 ጠመንጃ ቢያጥራት ብዙ ወጅግራዎችን አዲስ አፈሙዝ አልብሳ የሌበልን 8 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲተኩሱ አደረገች፤ መልኩ ወጅግራ፣ ጉርሻው ለበን ነው። ኢጣሊያም በዚሁ ጦርነት አሮጌዎቹን ቬተርሊዎች በአፈሙዛቸው ውስጥ ጠባብ ቱቦ አስገብታ ለ6.5 ሚሊ ሜትር የካርካኖ ጥይት አመቻቸቻቸው። ነገር ግን የቬተርሊው መዝጊያ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነው። ጭስ አልባው ባሩድ የሚፈጥረውን ግፊት ለዘለቄታው የሚችል አይደለም።

በሪቮልቨር በኩል የእንግሊዝ ሽጉጦች ታሪክ ትምህርት ሰጪ ነው። በ1915 የወጣው ስድስተኛው የዌብሊ ሞዴል የሚተኩሰው 0.455 ኢንች የተባለውን ትልቅና ዝግ ያለ ጥይት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ ተሸጡ፤ በዚያም የከበሮአቸው ኋላ እየተፋቀ ለ0.45 ኢንች የአውቶማቲክ ሽጉጥ ጥይት ተመቻቹ። ጥይቱ ይገባል፣ ይተኮሳልም። ይሁን እንጂ የዚህ ጥይት መደበኛ ግፊት ዌብሊው ከፋብሪካ ሲወጣ አንድ ጊዜ ለመፈተኛ ከተተኮሰበት ግፊት ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ በተኮሰ ቁጥር ሽጉጡን እንደገና ወደ ፈተና ያቀርበዋል።

ሌላው ምሳሌ የስሚዝና ዌሰን «ቪክቶሪ» ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከ500,000 በላይ የሚሆነው ለእንግሊዝና ለተባባሪዎቿ ተልኮ ነበር። የሚተኩሰው አጭሩን የእንግሊዝ 0.38 ጥይት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ነጋዴዎች የከበሮውን መጉረሻ ወደ ፊት እያረዘሙ «0.38 ስፔሻል» የተባለውን ረጅም ጥይት እንዲጎርስ አደረጉት። ነገር ግን የአጭሩ ጥይት ቀለሃ ከረጅሙ ይወፍራል። ቀዳዳን ማስረዘምና ማስፋት ይቻላል፤ ማጥበብ ግን አይቻልም። ስለዚህ ቀጭኑ ቀለሃ በሰፊው መጉረሻ ውስጥ ሲተኮስ ያብጣል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። በአፈሙዙ ላይ ያለው የቀድሞው ጽሑፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይለወጥ ይቀራል።

የመዝጋቢው ኃላፊነት

ከላይ የተተረከው ሁሉ ለቅርስ ሠራተኛ የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው። በጅማ ሙዚየም የአባ ጅፋር ንብረቶች ይገኛሉ፤ በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸውም የአገር ቅርስ ነው። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዕቃ ቤት፣ በየመስጊዱና በየአርበኛው ቤተሰብ ዘንድም ያለፈውን ዘመን የሚያስታውሱ መሣሪያዎች ይኖራሉ። እነዚህን ሲመዘግቡ አራት ነገሮችን ለየብቻ መጻፍ ይገባል፦ በብረቱ ላይ የተቀረጸውን፣ የአፈሙዙን ስፋት፣ የመጉረሻውን ርዝመትና ስፋት፣ እንዲሁም የመፋቅ፣ የመሞረድ ወይም ቱቦ የማስገባት ምልክት መኖር አለመኖሩን። አራቱ ከተስማሙ መሣሪያው እንደተወለደ ነው፤ ካልተስማሙ ሁለተኛ ሕይወት አለው፤ ያም ሕይወት ሊጻፍለት ይገባል።

ጥይት ከመሣሪያው ጋር ተጎርሶ ሊቀመጥ አይገባም። ሰማንያና መቶ ዓመት ያለፈው ጥይት ሁሉ የከሸፈ ነው ብሎ ማሰብ ሕይወት ያስከፍላል። የተጎረሰ አሮጌ መሣሪያ ሲገኝም ሙያው ያለው ሰው እስኪመጣ ድረስ አለመነካካት ይሻላል። ከሕግም አንጻር ስለ ጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መኖሩን ማወቅ የእያንዳንዱ መዝጋቢ ግዴታ ነው።

በጥይትና በመጉረሻ መካከል የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት በሜዳ ላይ የሰው ሕይወት አስከፍሏል፤ በመዝገብ ላይ ደግሞ የታሪክ እውነት ያስከፍላል። የሂርማታው ነጋዴ ጥይትን እንደ ገንዘብ ሲቆጥር፣ አርበኛው የጠላቱን ዝናር ሲገፍ፣ ሁለቱም የጥይትን ዋጋ ያውቁ ነበር። ዛሬ መሣሪያዎቻቸውን በአደራ የተቀበለው የሙያ ሰው መለኪያውን በእጁ ይዞ መጉረሻውን ሳይለካ ካርድ መጻፍ የለበትም።